ሁልበትሽ ውስጥ ስለነበረው

እማዬ፣

ከሄድሽ ዓመት ከሦስት ሳምንት ሆነሽ። ለሟች የሚጻፍ ደብዳቤ በናፍቆት እንደሚጀመር አውቃለሁ። ናፍቆቱን ሌሎች ይጻፉልሽ። ቄሱ ጸልየውልሻል፣ ዕድርተኛው አልቅሶልሻል፣ አጎቴም ስለ ደግነትሽ እያወራ ድንኳን ሙሉ ሰው አስነብቷል። እኔ የመጣሁት ልበቀልሽ ነው። በሕይወት ሳለሽ አልቻልኩሽም። አንድ ነገር ጀምሬ ሳልጨርስ ዓይንሽ እንባ ያቀርራል፣ ራስሽን ታስሪያለሽ፣ እኔም ከሳሽ ሆኜ ተቀምጬ ይቅርታ ጠያቂ ሆኜ እነሳለሁ። አሁን ግን ራስሽን ማሰር አትችይም፣ ድስት ጥጄ መጣሁ ብለሽ ወደ ጓዳ መግባት አትችይም። እስከ መጨረሻው ትሰሚኛለሽ።

በመጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርሽ። ያው ሳቢያን ሰፈር ቤትሽ ውስጥ ነን፤ ሳምሶን ቧንቧውን አስተካክሎታል፣ ሁለት ዓመት ሙሉ እያንጠባጠበ ያሳበደሽን። ግቢው ውስጥ ያለው የኒም ዛፍ ጣሪያውን መምታት ጀምሮ ስለነበር ተከርክሟል። ልጄ ማህደር ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ ቁመቷ ትከሻዬ ጋ ሊደርስ ምንም አልቀረውም። ሳሎን ውስጥ ትልቁን የሰርግ ፎቶዬን አውርጄዋለሁ። አዎ፣ ያንን በወርቃማ ፍሬም አስገጥመሽ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የምታሳዪውን። ግድግዳው ላይ አራት ማዕዘን ነጭ ቦታ ቀርቷል፤ ቀለም አላስቀባሁትም። ሰው ሲጠይቀኝ ፍሬሙ ተሰብሮ ነው እላለሁ። ውሸት ነው፣ ፍሬሙ ደህና ነው።

በዚያ ፎቶ ላይ ያለችው ሴት እኔ አይደለሁማ። አንቺ የሠራሻት ናት።

ታስታውሺያለሽ፣ የሳምሶን ቤተሰቦች ሊያዩኝ የመጡ ቀን አክስቱ ወደ በሩ ስትወጣ ድምጿን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ ልጅቷ ጥሩ ናት፣ ሥጋ የሚባል ግን አልፈጠረባትም አለች። እኔ ሳቅኩ። ለምጄዋለሁ፤ ሰፈሩ ሁሉ ሽቦ ነበር የሚለኝ። ድሬ ላይ ቀጭን ሴት መሆን ማለት በየቀኑ ምን አመመሽ ተብሎ መጠየቅ ነው፣ ከዚያም ዞር ስትዪ ምን ይዟት ይሆን ተብሎ መታማት። አንቺ ግን አልሳቅሽም። ከንፈርሽን ነክሰሽ ብርጭቆዎቹን ሰበሰብሽ። በሳምንቱ ሁልበቱ ጀመረ።

ከሐረሪ ጎረቤቶቻችን የተማርሽውን፣ ያንን ሁልበት የሚሉትን የአብሽ ሾርባ ማን ይረሳዋል። አብሹን አረፋ እስኪያወጣ ትመቺውና ከፍየል ሥጋው መረቅ ጋር ጠዋት ጠዋት በትልቁ ጎድጓዳ ሳህን ታቀርቢልኛለሽ። እንጀራ ፊትም አትቀመጪም፤ ፊቴ ቆመሽ የመጨረሻዋን ጠብታ ታስጨርሺኛለሽ። አራት ወር ሙሉ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ መረቁ ይቀርና በውኃ ይሠራል፤ ጾም እንዳይገደፍ ትጠነቀቂ ነበር። ያንን ሳስብ እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ከሥጋው መረቅ ነፍሴን ጠብቀሽ፣ የተፈጨ ክኒን ግን በማንኪያ አማስለሽ ትሰጪኝ ነበር።

ፊቴ ሞላ። ጉንጬ ክብ ሆነ፣ አገጬ ሥር ሁለተኛ አገጭ ወጣልኝ፣ ዳሌዬ የቀሚስ ስፌት በጠሰ። የሰርግ ቀሚሴ ሁለት ጊዜ ተፈትቶ ሰፋ። በየቤቱ ይዘሽኝ እየዞርሽ አሳየሽኝ። አሁን አንድ ነገር ላምንልሽ፤ ምክንያቱም በበቀልም ቢሆን ውሸት አልወድም። ደስ ብሎኝ ነበር። በሃያ ሁለት ዓመቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆንጆ ተባልኩ። መስታወት ፊት ቆሜ ጉንጬን በሁለት እጄ ይዤ እስቅ ነበር። ያ ገላ የተዋስኩት መሆኑን አላወቅኩም፤ ሲሄድ የራሴን ገላ የማልፈልግ አድርጎኝ እንደሚሄድም አላወቅኩም።

ከሰርጉ በኋላ ሳምሶን ሥራው መልካ ጀብዱ ስለነበር እዚያ ወጣን። ሁልበቱ ቀረ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከአልጋ መነሳት አቃተኝ፤ ያስመልሰኛል፣ ዓይኔ ይጨልማል፣ እግሬ አልሸከም አለኝ። ሳምሶን አቅፎ መኪና ላይ ጭኖ ከተማ አመጣኝ። ሐኪሙ ፊቴን አገላብጦ አየና ምን ክኒን ስትወስጂ ነበር አለኝ። ምንም አልኩት። ደግሞ ጠየቀኝ። በእመቤቴ ማርያም ማልኩለት። ሰውነትሽ መድኃኒት ለምዶ በድንገት የተቋረጠበት ሰው ሰውነት ነው፣ ባታምኚልኝም እኔ እንደወሰድሽ ቆጥሬ ነው የማክምሽ አለኝ፤ አስተያየቱ ግን ውሸታም ሴት የሚታይበት ነበር። ሳምሶንም በዚያው ዓይን አየኝ፣ ገና የሁለት ሳምንት ባሌ። አንቺ ከራስጌዬ ቆመሽ ነበር። ትራሴን አስተካከልሽ። አንሶላዬን ሳብ አደረግሽ። አንድ ቃል አልተነፈስሽም።

ይኸውልሽ፣ ለክኒኑ ብቻ ቢሆን ምናልባት ይቅር እልሽ ነበር። ስለማልኩበት ነው የማልለቅሽ።

እውነቱን የሰማሁት ከአንቺ አፍ አይደለም። በማህደር ክርስትና ቀን እትዬ ብርቄ፣ ያቺ የልብ ጓደኛሽ፣ ሽቶና ሽቲ የሚባለውን ስስ ቀሚስ ከቤቷ የምትሸጠው፣ ጠገብ ብላ እጄን ይዛ ያ የሰርግሽ ገላ እኮ የኔ ሥራ ነው አለችኝ። ከጠረፍ ማዶ የሚመጣ ፍቱን ክኒን ነው፣ እናትሽ እንደ ስኳር ፈጭታ ነበር የምትሰጥሽ አለች። እያመሰገነችሽ ነበር፤ ምስክር የምትሆንብሽ አልመሰላትም። እንግዳው ሲሄድ ጓዳ ገብቼ ጠየቅኩሽ። ጀርባሽን ሰጥተሽኝ ሳህን እያጠብሽ ለራስሽ ብዬ ነው፣ ባልሽስ ወዶሽ የለ አልሽኝ። በቃ። በአሥር ዓመት ውስጥ ስለዚህ ጉዳይ ያወራሽው ይህንኑ ብቻ ነው።

አንቺ ዝም ስትዪ እኔ መልበስ ጀመርኩ። በመጀመሪያ አንድ ወፍራም ታይት ከቀሚስ ሥር፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ በላዩ ጉርድ። በዚህ በድሬ ሙቀት፣ ሰው በሽቲ ብቻ እየሄደ በሚቃጠልበት ከተማ፣ እኔ መዝገብ ቤት ውስጥ በሦስት ድርብ ጨርቅ ተጠቅልዬ ፋይል ስደረድር እውላለሁ። ላቤ ጉልበቴ ሥር ይንቆረቆራል። ሳምሶን ሲነካኝ መብራት እንዲጠፋ እፈልጋለሁ። አንቺ ታዪኝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ይሞቅሽ ይሆናል፣ አውልቂው አላልሽኝም። እንዲያውም ጥሩ መልክ ሰጠሽ አልሽኝ።

ባለፈው መጋቢት የማህደር አስተማሪ ስልክ ደወለችልኝ። ልጅሽ ሰልፍ ላይ ወድቃለች፣ ቶሎ ነይ። ባጃጅ ይዤ በረርኩ። ደህና ሆና ውኃ እየጠጣች አገኘኋት። አስተማሪዋ ወደ ጎን ጠርታኝ ጠረጴዛዋ ላይ የተቀመጠ ነገር አሳየችኝ። ሦስት ታይት ነው። ከልጄ እግር ላይ አንዱን ሲያወልቁ ሌላ፣ ያንን ሲያወልቁ ደግሞ ሌላ። ለምን ይህን ሁሉ እንደለበሰች ሲጠይቋት ትንሽ እንድወፍር ነው አለች፤ እናቴም እንዲህ ነው የምትለብሰው አለች። አስተማሪዋ ያን ስትነግረኝ ዓይኗ እግሬ ላይ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጅ እማዬ። ያን ቀን ነው የሚረዳኝ ሰው ልፈልግ የወሰንኩት፣ ለራሴ ቢሆን ኖሮ ምናልባት እስከ መቃብር ድረስ ተጠቅልዬ እሄድ ነበር።

ጥርሱን የሚያመው ሰው ድሬ ላይ በየመንገዱ ታፔላ ያገኛል። ገላዬን መሸከም አቃተኝ ለሚል ሰው ግን ታፔላ የለም። ለአንዲት የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ በዘወርዋራ ነግሬያት ጸበል ሂጂ አለችኝ። ሄድኩ፤ ልቤ ትንሽ አረፈ፣ እውነት ነው፣ ስመለስ ግን ታይቶቼን መልሼ ለበስኩ። ከዚያ ሰፈራችን ውስጥ አንድ የግል ክሊኒክ አማካሪ አለ ተብዬ ገባሁ። ሰውየው ከእግር እስከ ራሴ አየኝና አንቺ እኮ ሞዴል ነሽ፣ ስንቱ ለመቅጠን ይሰቃያል እያለ ሳቀ። ጨዋታው ሲያልቅ ወረቀት ላይ የምግብ ፍላጎት የሚጨምር መድኃኒት ጻፈልኝ። በእውነት ነው የምልሽ። ክኒን ሸሽቼ ሄጄ ክኒን አዘዘልኝ። ወረቀቱን ደረጃው ላይ ቀዳድጄ ጣልኩት፤ አንቺ ብትኖሪ ለቅመሽ ትገጣጥሚው ነበር።

ሦስተኛዋን በስልክ አገኘኋት፣ አዲስ አበባ ያለች ባለሙያ። ምሳ ሰዓት ላይ መዝገብ ቤቱ ጀርባ፣ አሮጌ ፋይል የተከመረበት ክፍል ውስጥ ገብቼ እደውልላት ነበር። ይሰማል? ይሰማል? እያልን ሰዓቱ ያልቃል። አንድ ቀን ኔትወርኩ እንደ መስታወት ጠራና ስለ አንቺ ልነግራት አፌን ስከፍት አለቃዬ በሩን ከፍቶ የሆነ ፋይል ጠየቀኝ። ፋይሉን ሰጠሁት፤ ስልኩን ግን ከዚያ በኋላ አልደወልኩም።

በመጨረሻ የማህደር አስተማሪ ናት የአንዲት አማካሪ ስም በወረቀት ጽፋ የሰጠችኝ። ሁለት ሳምንት መታወቂያዬ ሥር ይዤው ዞርኩ። ቦታው ከዚራ ሰፈር ነው፣ ከመሥሪያ ቤቴ በእግር አምስት ደቂቃ፣ ከድሮዎቹ የባቡር ቤቶች አንዱ ውስጥ። ሰው እንዳያየኝ ብዬ ባጃጅ ይዤ ዞሬ ሄድኩ። ምድር ቤቱ ጥርስ ሐኪም ቤት ነው፣ እሷ ያለችው ፎቅ ላይ። ባጃጁን የሚነዳው ሰውዬ እህቴ፣ ጥርስ ነው? አለኝ። አዎ አልኩት፣ ጉንጬንም ያዝኩ። አቦ እሱስ አይጣል ነው፣ አላህ ያሽርሽ ብሎ አዘነልኝ። ጉንጬን እንደያዝኩ ደረጃውን ወጣሁ።

ሴትየዋ ኢፍቱ ትባላለች። እዚሁ ያደገች ኦሮሞ ናት፣ አማርኛዋ ለስላሳ ነው፣ እሷ ደግሞ ወፍራም ናት። በሩን ስትከፍትልኝ መጀመሪያ ያሰብኩትን ልንገርሽ? ራሷን ያላስተካከለች እኔን ልታስተካክል ነው? ብዬ አሰብኩ። ዳሌዋን፣ ክንዷን፣ አገጯን በአንድ ዓይን ጨርፌ መዘንኩ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ ደነገጥኩ፤ ያ ዓይን የኔ አልነበረም። የአንቺ ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመቴ በአንቺ ዓይን ሰው እያየሁ ነው የምኖረው። ያን ቀን የበለጠ ጠላሁሽ።

አንድ ቀን ጠመኔ ሰጠችኝና ወለሉ ላይ ገላሽ ምን ያህል እንደሆነ ገምተሽ ሣዪልኝ አለችኝ። እንደ ምሰሶ ሁለት ቀጥ ያሉ መስመሮች አሰመርኩ። ከዚያ ወለሉ ላይ እንድተኛ አደረገችና በጠመኔው ዙሪያዬን ነዳችው። ስነሳ የሷ መስመር የኔን በሁለቱም በኩል አንድ አንድ ስንዝር አልፎታል። ተሳስተሻል፣ ጠመኔው ርቆ ነው አልኳት። ራስሽ እኔን ለክተሽ ልመጂና እንደገና እንሞክር ብላ ያ ትልቅ ገላዋን ይዛ ወለሉ ላይ ዘና ብላ ተኛች። ሳቄ መጣ። ከሳቁ ጋር ለቅሶው ወጣ፣ ከለቅሶው ጋር ደግሞ አንቺ። ሁልበቱን ነገርኳት፣ ክኒኑን ነገርኳት፣ መሐላዬን ነገርኳት። ስምሽን ከነአባትሽ ጠራሁላት። እውነቱን ካወቅኩ ጀምሮ ማን ሰጠሽ ለሚለኝ ሁሉ ራሴ ነኝ ብዬ ሸፍኜሽ ነበር፤ ሳምሶን እንኳ እስከዚያ ቀን አያውቅም። ከዚያ ክፍል ስወጣ በመጀመሪያው በቀሌ አፌ ጣፍጦኝ ነበር። በእግሬ ነው ወደ ሥራ የተመለስኩት፣ ማንም ቢያየኝ ግድ አልሰጠኝም።

እዚህ ጋ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። አንቺ ግን ሞተሽም መላ አታጪም።

ለሙት ዓመትሽ ሦስት ቀን ሲቀረው ነጠላዎችሽን ለቤተ ክርስቲያን ደጅ ሰዎች ልሰጥ ሳጥንሽን ከፈትኩ። በታችኛው ነጠላ እጥፋት ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አገኘሁ። የክኒን እሽጎች። ያለቀ፣ የተጀመረ፣ ያልተነካ። ከኔ የተረፈ መሰለኝና ደሜ ፈላ፣ እንደ ማስታወሻ አስቀምጣዋለች ብዬ። ከዚያ ጀርባው ላይ የተመረተበትን ጊዜ አነበብኩ። ከሰርጌ ስምንት ዓመት በኋላ የተመረተ ነው። ሌላውን አነሳሁ፤ አንቺ ከመሞትሽ ዓመት በፊት። አንዱ እሽግ ላይ አራት ፍሬ ቀርቷል።

አልጋሽ ላይ ተቀመጥኩ። ያ ሰፈር ሁሉ የሚያደንቀው ክብ ፊትሽ። ያ ሙሉ አንገትሽ። ከሱ ጋር የማይሄደው ቀጭን እግርሽ፣ ነካ ሲያደርጉት የሚበልዘው ክንድሽ፣ ከየት መጣ ሳይባል የመጣብሽ ስኳር። ጓዳ በር ላይ ተደናቅፈሽ ብቻ ዳሌሽ መሰበሩ፤ ወድቀሽ እንኳ አይደለም፣ ግድግዳውን ይዘሽ ነበር። ስንት ዓመት ወሰድሽው? ከኔ በፊት ጀምረሽ ነው ወይስ የኔን እያየሽ ቀናሽ? ለኔ ስትፈጪ ለራስሽም ትፈጪ ነበር? እኔ እኮ ወንጀለኛ ይዤ ነበር እማዬ። ጥላቻዬን አስተካክዬ፣ አጥቤ፣ ተኩሼ ጨርሼ ነበር። ከሳጥንሽ ውስጥ እንደኔው ገላዋን የጠላች ሴት ወጣችብኝ። በሰላም እንድጠላሽ እንኳ አልተውሽኝም።

ከዚያም ሆስፒታሉ ትዝ አለኝ። ዳሌሽ ተሰብሮ የተኛሽ ቀን ወጣቱ ሐኪም ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ? አለሽ። አንቺ እኔን አየሽኝ። እኔ ደግሞ እያመማት ነው ብዬ፣ አስታማሚነቴንም ላሳይ ብዬ፣ ፈጠን አልኩ። የስኳሯን ብቻ ነው፣ ሌላ ምንም አትወስድም፣ ከእጄ ነው የምትውጠው አልኩት። እርግጠኛ ነሽ? አለኝ። እናቴን አላውቅም እንዴ ብዬ ሳቅኩበት። ለሁለተኛ ጊዜ በውሸትሽ ላይ አስማልሽኝ። በሦስተኛው ቀን ያስመልስሽ ጀመር፣ የደም ግፊትሽ ወረደ፣ እግርሽ ከዳሽ። እኔ የዚያኑ ዓይነት አሳልፌ አላወቅኩትም! ራስጌሽ ቆሜ ትራስሽን አስተካከልኩ፣ አንሶላሽን ሳብ አደረግሁ። በአምስተኛው ቀን ሄድሽ።

እሽጎቹን ይዤ ሐኪሙ ዘንድ ሄድኩ። ረጅም ሰዓት አገላበጣቸው። ኢንፌክሽንም ነበረባቸው፣ አሁን ላይ በዚህ ነው ብሎ በእርግጠኝነት የሚናገር የለም አለኝ። በሩ ጋ ስደርስ ግን ብናውቅ ይጠቅመን ነበር አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ እውነት ተናጋሪ ነው።

እንግዲህ ይህን ተሸክሜ ነው ሙት ዓመትሽ ላይ የተገኘሁት። ቄሱ ባርከው ወጥተዋል፣ ወንዶቹ በግራ፣ ሴቶቹ በቀኝ ድንኳኑ ሥር ተቀምጠዋል። እትዬ ብርቄ ከሁሉም በላይ አልቅሳ፣ ከሁሉም በላይ በልታ፣ ማህደርን ጠራቻት። ክንዷን በሁለት ጣቷ ያዝ አደረገችና እንደ እናቷ አጥንት ብቻ ሆነች አቦ፣ አይዞሽ የኔ ልጅ፣ ትምህርት ቤት ሳይከፈት አስተካክልሻለሁ አለቻት። ልጄ ክንዷን ቁልቁል አየችው። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ።

ጓዳ ገባሁ። ዳቦ የሚዞርበትን ሳህን አነሳሁ፣ እሽጎችሽን በሙሉ ደረደርኩበት፣ አምጥቼ እትዬ ብርቄ ጉልበት ላይ አስቀመጥኩት። ይብሉ፣ የእናቴ ዝክር ነው አልኳት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ ሳላደርግ፣ ልክ እንደ ሳምሶን አክስት፣ ሁሉንም ተናገርኩ። የሁልበቱን፣ የመልካ ጀብዱውን፣ የሳጥኑን፣ የሆስፒታሉን። እትዬ ብርቄ አቦ ምን አድርጊ ነው የምትዪኝ፣ እኔ በግድ አፏ ውስጥ ከተትኩባት? ራሷ መጥታ እየለመነችኝ አይደል? አለች። አዎ፣ ለምናዎት ነው፣ እርስዎ ግን ቀብረዋት መጥተው ለልጄ ሊሰጡ ነው አልኳት። በዚህ መሐል ከጥግ አንዲት ጎረቤታችን ተነሳች፣ ለጥር ሰርግ ያላት ልጅ ያለቻት። ሳህኑ ላይ ጎንበስ ብላ እሽጎቹ ላይ ያለውን ሰማያዊ ጽሑፍ አነበበች። ነጠላዋን ወንበር ላይ ጥላ እየሮጠች ወጣች። ሌሎቹ ሴቶች እትዬ ብርቄን ማየት ጀመሩ። እሷም ለመነሳት ስትሞክር የሚደግፋት እጅ አጣች፤ ወንበሩን ይዛ ብቻዋን ተነስታ ሄደች።

አጎቴ የሙት አጥንት አወጣሽ ብሎ ከዚያ ወዲህ አላናገረኝም። ዘመዶችሽም እብድ ናት፣ ከዚራ እብድ ሐኪም ጋ ነው የምትሄደው ይላሉ፤ ማን እንደነገራቸው አላውቅም፣ ያሻቸውን ይበሉ። ጸጸት ትጠብቂ ከሆነ የለኝም። ጣፈጠኝ። እቃ ታጥቦ ድንኳኑ እስኪፈርስ ድረስ ጣፈጠኝ። ከዚያ ማህደር መጣችና አያቴ መጥፎ ነበረች? አለችኝ። አያትሽ ትወድሽ ነበር፣ እኔንም ትወደኝ ነበር፣ አታላኛለች፣ ራሷንም ጎድታለች አልኳት። ከአራቱ የትኛው ነው እውነቱ? አለችኝ። አራቱም አልኳት። ገና ልጅ ናትና አልገባትም፣ እኔም አልገባኝም።

ትናንት ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዩኒፎርሟን ብቻ ለብሳ ሄደች። በሩ ጋ ደርሳ ተመልሳ እግሯን በመስታወት ማየቷን አይቻለሁ፣ ስለዚህ አልቋል ብዬ አላታልልሽም። እኔ ከሁለቱ ታይት አንዱን ትቻለሁ፤ ሁለተኛውን ገና አልደፈርኩም። ማክሰኞ ማክሰኞ ወደ ኢፍቱ እሄዳለሁ። ለገላሽ ደብዳቤ ጻፊለት ብላኝ ነበር። ለሱ የምለው ገና የለኝም፤ ወረቀቱን ስይዝ የመጣሽው አንቺ ነሽ።

አልረሳሽም እማዬ። ቃል ኪዳንም ነው፣ ዛቻም ነው። ለልጄ ስለ አንቺ ሳወራ ቅድስት አድርጌ አልሠራሽም፤ ሁልበትሽንም፣ ሳቅሽንም፣ ክኒንሽንም አንድ ላይ አወራላታለሁ፣ ለልጅ ልጄም እንደዚያው። እትዬ ብርቄን አንድ ቀን እተዋት ይሆናል። ያንን የሆስፒታል ቀን ግን መተው አቃተኝ። ሐኪሙ ሲጠይቅሽ ዓይኔን ነበር የምታዪው። አንድ ቃል ሹክ ብትዪኝ ይበቃኝ ነበር። ለሱም፣ ለነርሷም፣ ወለል ለምትጠርገውም ሴት ሳይቀር እየጮህኩ እናቴ የማወፈሪያ ክኒን ትወስዳለች ብዬ እናገርብሽ ነበር። አንቺም በሰው ፊት አዋረድሽኝ ብለሽ ታኮርፊኝ ነበር። ይኸው ዓመት ከሦስት ሳምንት ሙሉ፣ እዚሁ ሳሎን ውስጥ ተቀምጠሽ፣ ፊትሽን አዙረሽብኝ፣ እንዳኮረፍሽኝ ትኖሪ ነበር።

ልጅሽ
ትዕግሥት